ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለባቸው ልጆችና አዳዲሶቹ ሕክምናዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከጥቁር አንበሳም፣ ከዘውዲቱም፣ በአካባቢው ካሉ የግል ክሊኒኮችም ማዘዣ ይዘው የሚመጡ ወላጆችን አገኛለሁ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የያዘው ልጅ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን ብዙ ነው። ሰሞኑን ስልካቸውን ከፍተው «ይሄ አዲሱ መድኃኒት ለልጄ ይሆናል?» የሚሉኝ በዝተዋል። ከኋላ ሰልፍ ስላለ መስኮቱ ላይ ቆመን ተነጋግረን አንጨርሰውም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። መጠን የሚወስነውና መድኃኒት የሚቀይረው የልጁ ሐኪም መሆኑን ግን አትርሱ።

ለመሆኑ ማያስቴኒያ ግራቪስ ምንድን ነው?

ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴታይልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከነርቩ ጫፍ ይለቀቅና ጡንቻው ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ያርፋል። ከዚያ ጡንቻው ይሠራል። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ እነዚያኑ ተቀባዮች የሚያጠቃ አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ነርቩ በር ያንኳኳል፣ የቤቱ ሰው ጆሮ ግን ተደፍኗል።

ልጁ ላይ የሚታየው ድካም ነው፤ ያውም የሚለዋወጥ ድካም። ጠዋት ደህና የነበረ ልጅ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን የዓይኑ ቆብ ይወርዳል። አንዱ ዕቃ ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ምሳ ላይ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች በደንብ ያኝካል፣ መሃል ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ ይቀመጣል። ሲናገር ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ ይመስላል። ደረጃ ሲወጣ ይቆማል። ሲያርፍ ይመለስለታል። አእምሮው አይነካም፣ የቆዳ ስሜቱም አይጠፋም። ለዚህ ነው መምህር «ሰነፈ» የሚለው፣ ጎረቤት ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» የሚለው።

ይተላለፋል? በዘርስ ይመጣል?

አይተላለፍም። አብሮት የሚተኛ፣ አብሮት የሚበላ ወንድም እህቱ አይያዝም። በዘር በቀጥታ የሚወረስም አይደለም። እናትየዋ ራሷ በሽታው ካለባት ግን አንቲቦዲው በእርግዝና ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ካሉ እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ10 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ጊዜያዊ ድካም ይታያል። በሳምንታት ውስጥ ይለቃቸዋል።

ሐኪሙ በሽታው ይሄ መሆኑን እንዴት ያውቃል?

አንዳንዱ ምርመራ ቀላል ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ የወረደው ዓይን ላይ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይደረጋል። ቆቡ ከፍ ካለ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ቅዝቃዜ በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት ለጊዜው ያሻሽላልና። ከዚያ የነርቭ ምርመራ አለ። በተደጋጋሚ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየተሰጠ የጡንቻው ምላሽ እየቀነሰ መሄዱ ይታያል። የደም ምርመራው ደግሞ አንቲቦዲውን ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የአሴታይልኮሊን ተቀባይን የሚያጠቃው ነው። በጥቂቶች ላይ መስክ (MuSK) የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚያጠቃው ይገኛል። የደም ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ስለሚላክ ዋጋው ይከብዳል፣ ውጤቱም ይዘገያል። ቢሆንም ከቻላችሁ አትዝለሉት። ቀጥሎ የምነግራችሁ አዲስ መድኃኒት ሁሉ የሚመረጠው በዚህ ውጤት ነው።

ደሙ ላይ ምንም አንቲቦዲ አልተገኘም ተባልን። ታዲያ ምን ማለት ነው?

በትንንሽ ልጆች ይህ ያጋጥማል። በሽታው እያለ አንቲቦዲው ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር መጣራት አለበት፤ እኔ በጣም የምጨነቅበት እሱ ነው።

ከልደት የሚመጣ፣ በጂን ስህተት የሚከሰት ተመሳሳይ በሽታ አለ። የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ልጁ ይደክማል፣ ማኘክ ያቅተዋል። ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። የሰውነት መከላከያ ግን እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም። ስለዚህ ስቴሮይድም ሆነ ሌላ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ምንም አይጠቅመውም፤ ጉዳቱ ብቻ ይተርፈዋል። «መድኃኒት እምቢ ያለው» ከሚባሉት ልጆች አንዳንዶቹ እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ አንዳንዶቹ ለማያስቴኒያ በተለመደው ክኒን፣ በፒሪዶስቲግሚን፣ ይባስ ይደክማሉ። በአንጻሩ ለአስም የምናውቀው ሳልቡታሞል በክኒን ወይም በሽሮፕ መልክ ሲሰጣቸው የሚሻላቸው አሉ። ርካሽ መድኃኒት ነው። እንግዲህ ስንት ብር ወጥቶ የማይሆን መድኃኒት ከመፈለግ በፊት «ልጄ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ጡት መሳብ ይደክመው ነበር» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር የቱን ያህል እንደምትጠቅም አስቡት። ለሐኪሙ ንገሩት። ወላጆች የሥጋ ዘመድ ከሆናችሁ፣ ወይም ሌላ ልጅ ተመሳሳይ ነገር ካለበት፣ ያንንም ንገሩ።

የድሮዎቹ መድኃኒቶች ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው ፒሪዶስቲግሚን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ሜሪ ዎከር የምትባል ስኮትላንዳዊት ሐኪም እንግሊዝ አገር ለአንዲት በሽተኛ ፊዞስቲግሚን ወግታ ዓይኗ ሲከፈት አየች። ፒሪዶስቲግሚን የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው። አሴታይልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገደማ መሥራት ይጀምራል፣ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። በሽታውን አያጠፋም፤ ድካሙን ይሸፍናል። ሆድ ይቆርጣል፣ ምራቅ ያበዛል፣ ያስቀምጣል። ከምግብ ጋር ሲሰጥ የሆዱ ቁርጠት ይቀንሳል። ማኘክ የሚያቅተው ልጅ ከሆነ ደግሞ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ መስጠት ሊሻል ይችላል። ሐኪሙን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ክኒኑ እርጥበት አይወድም። ከዕቃው አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። በራሱ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጥ። ልጁ ሲደክመውም በራሳችሁ አትጨምሩ። ሲበዛ እሱ ራሱ ጡንቻን ያደክማል።

ሁለተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ማለትም ስቴሮይድ። የሰውነት መከላከያውን ያበርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካሙን ሊያብስ ስለሚችል ብዙ ሐኪሞች በትንሽ መጠን ይጀምራሉ። ፊት ያሳብጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ዕድገት ያዘገያል፣ አጥንት ያሳሳል። እናቶች የልጃቸው ፊት ሲነፋ ደንግጠው በአንድ ቀን ያቆሙታል። ይህ አደገኛ ነው። ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ በድንገት ሲቋረጥ ልጁ ሊወድቅ ይችላል። ቀስ ተብሎ ነው የሚወርደው። ከመጀመሩ በፊት ቲቢ መመርመር፣ የሆድ ትላትል መታከም በእኛ አገር የግድ ነው።

ሦስተኛዎቹ አዛታዮፕሪንና ማይኮፌኖሌት ናቸው። ስቴሮይዱን ለመቀነስ ይረዳሉ። ቀርፋፋ ናቸው። አዛታዮፕሪን ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ግማሽ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ብሎ መተው ብዙ ጊዜ የማየው ነገር ነው። ያሳዝነኛል፤ ሊሠራ ሲል ነው የሚቋረጠው።

«ለማከም አስቸጋሪ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐኪሞች ይህን የሚሉት ስቴሮይድና ቢያንስ አንድ ሌላ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ ተሰጥቶ ልጁ ካልተሻለው ነው። ወይም ጎጂ ውጤቱን መሸከም ካልቻለ። ወይም ደግሞ በየጊዜው የደም ፕላዝማ ማጣራት (ጎጂውን አንቲቦዲ ከደም ማውጣት) ወይም ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ አንቲቦዲ) በደም ሥር ካላገኘ መቆም ካልቻለ።

«በበቂ መጠን፣ ለበቂ ጊዜ» የሚለው ላይ ልቆይ። እኛ ጋ መድኃኒት ገበያ ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ሰው ከከነማ ወደ ቀይ መስቀል፣ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ ሲዞር ይውልና ባዶ እጁን ይገባል። ልጁ ለሁለት ሳምንት ይቋረጥበታል። ከዚያ ሲደክም «መድኃኒቱ አልያዘውም» ይባላል። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ የተቋረጠበትን ቀን ሳትደብቁ ተናገሩ። ሐኪሙ አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ያ ካልተነገረው ወደ ከባዱ መድኃኒት ይሸጋገራል። ሌላም የሚጣራ አለ፤ የታይሮይድ በሽታ፣ ያልታከመ ኢንፌክሽን፣ ወይም ከታች የምዘረዝራቸው በሽታውን የሚያባብሱ መድኃኒቶች።

እስቲ አዲሶቹን ንገሩን።

እሺ። ሦስት ቡድን አድርጋችሁ ያዟቸው።

አንደኛው ቡድን ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ክፍል የሚያግድ ነው። አንቲቦዲው ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ብቻውን አይቀርም፣ ኮምፕሊመንትን ይጠራል። ኮምፕሊመንት ደግሞ የጡንቻውን ሽፋን ይበሳል። ኤኩሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት ይህን መብሳት ያስቆማል። በደም ሥር የሚሰጥ ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023፣ አሜሪካ ደግሞ በ2025 ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ፈቅደውታል። ሁለቱም የፈቀዱት የአሴታይልኮሊን ተቀባይ አንቲቦዲ ለተገኘባቸው ነው። ከፈቃዱ በፊት የተደረገው ዋናው የታዳጊዎች ጥናት 11 ልጆች ብቻ ነበሩበት። በሽታው ብርቅ ስለሆነ ነው ቁጥሩ ያነሰው። ልጆቹ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን «በሺዎች ላይ ተሞክሯል» የሚላችሁን አትመኑ። የመስክ አንቲቦዲ ላለበት ልጅ ይህ ቡድን አይሆንም። ያ አንቲቦዲ ኮምፕሊመንትን አይጠራምና።

ሁለተኛው ቡድን አንቲቦዲውን ራሱን ከደም ይቀንሳል። ሰውነታችን አንቲቦዲዎች ቶሎ እንዳይወገዱ የሚያድን፣ መልሶ ወደ ደም የሚልክ ፕሮቲን አለው። እነዚህ መድኃኒቶች ያንን ፕሮቲን ይይዙታል። አንቲቦዲው መልሶ የሚልከው ሲያጣ ይፈርሳል። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ኤፍጋርቲጊሞድ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂዎች የተፈቀደ የዚህ ቡድን መጀመሪያ ነው። ለልጆች የመጣው ኒፖካሊማብ ነው። በ2025 አሜሪካ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ፈቅዳዋለች። የመስክ አንቲቦዲ ላለባቸውም ይሆናል። ችግሩ ጥሩውንም መጥፎውንም አንቲቦዲ አንድ ላይ ማውረዱ ነው። ስለዚህ ኢንፌክሽን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሪቱክሲማብ ነው። አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሕዋሳት የሚወለዱበትን የቢ ሕዋስ ወገን ያጠፋል። መድኃኒቱ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ለደምና ለእጢ ካንሰር ሲሰጥ የኖረ ነው። ለዚህ በሽታ በይፋ የተፈቀደ ባይሆንም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። በተለይ የመስክ አንቲቦዲ ባለባቸው ላይ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ግዴታ ነው። ተደብቆ የኖረ ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል። እኛ አገር ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም።

ከእነዚህ ባሻገር የበሽተኛውን የራሱን ሕዋስ አውጥቶ፣ አሠልጥኖ የሚመልስ ሕክምና እየተጠና ነው። ገና በምርምር ላይ ነው። ለልጅ ዛሬ አማራጭ አድርጌ አልጽፈውም።

ማጅራት ገትር ያመጣል የሚባለው መድኃኒት የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ቡድን ነው። ኮምፕሊመንት የማጅራት ገትር ባክቴሪያን ከሚገድሉልን ዋነኞቹ አንዱ ነው። እሱ ሲታገድ በሩ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ክትባት ይሰጣል። ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩና ዋይ ከሚባሉት የባክቴሪያው ዓይነቶች የሚከላከለው አንድ ነው፤ ከቢ የሚከላከለው ሌላ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክትባቱም መቶ በመቶ ስለማይከላከል ብዙ ሐኪሞች ፀረ ተህዋስ ይጨምሩበታል።

ይህን ከአውሮፓ ሐኪም አፍ መስማትና እዚህ ሆኖ መስማት አንድ አይደለም። ኢትዮጵያ የማጅራት ገትር ቀበቶ በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ውስጥ ናት። በዚህ መድኃኒት ላይ ያለ ልጅ ትኩሳት ከጀመረው «ጉንፋን ነው፣ እስኪነጋ እንይ» አይባልም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ሁሌም ኪሱ ውስጥ መድኃኒቱን የሚገልጽ ካርድ ይኑረው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛሉ? ዘመድ ከአሜሪካ ቢልክልኝስ?

ኤኩሊዙማብና ኒፖካሊማብ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የሚገኙ አይደሉም። ዋጋቸውም አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሰው በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በ2024 አሜሪካ ሁለት የኤኩሊዙማብ ተመሳሳይ ቅጂዎችን ፈቅዳለች። ይህ ዋጋውን ቀስ በቀስ ሊያወርደው ይችላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዘመዱ ነገር ግን በደንብ ይሰማ። ፒሪዶስቲግሚን ክኒን በማዘዣ ተገዝቶ ቢላክ ልጅ ከመቋረጥ ያተርፋል። እነዚህ ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ከፋብሪካ እስከ ደም ሥር መቆየት ያለባቸው ናቸው። በሻንጣ፣ በፌስታል በረዶ፣ ከቦሌ ጉምሩክ ወረፋ ጋር አይሆንም። ተበላሽቶም መልኩ ላይለወጥ ይችላል። በዚያ ላይ አንድ ብልቃጥ ምንም አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ሳይቋረጥ ነው የሚሰጠው። አጎት በአንድ ጊዜ አዋጥቶ የሚገላገለው አይደለም። ከመወሰናችሁ በፊት የልጁ ሐኪም፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሆስፒታልና የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ አንድ ላይ መታሰብ አለባቸው።

ቴሌግራም ላይ «አዲሱ የማያስቴኒያ መርፌ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። ገንዘብ ክፈሉና ጥናት ውስጥ ላስገባችሁ የሚላችሁንም ራቁት።

አዲሱን ማግኘት ካልቻልን ልጃችን ተስፋ የለውም ማለት ነው?

በፍጹም! ይህን ገጽ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ጥያቄ ነው። አዲሶቹ መድኃኒቶች ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ልጆች በአሮጌዎቹ ተሽሏቸው አድገዋል፣ ተምረዋል፣ ወልደዋል። ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርሱ የታመሙ ልጆች ላይ በሽታው በራሱ የሚጠፋበት አጋጣሚም አለ፤ ከአዋቂዎች ይልቅ በእነሱ ይበዛል።

ቀዶ ሕክምናም አለ። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል እጢ አለ። የሰውነት መከላከያ የሚሠለጥንበት ቦታ ነው። አልፍሬድ ብላሎክ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን እጢ ከአንዲት ወጣት በሽተኛ አወጣ፤ ተሻላት። በ2016 የወጣው ትልቅ ጥናት ደግሞ 126 አዋቂዎችን አወዳድሮ ጥቅሙን በማያሻማ ሁኔታ አሳየ። ልጆች ላይ እንዲያ ያለ ጥናት አልተደረገም። ቢሆንም የአሴታይልኮሊን ተቀባይ አንቲቦዲ ያለበት፣ ክኒኖቹ በቂ ያልሆኑለት ልጅ ከሆነ ሐኪሞች ያስቡበታል። በጣም ትንሽ ለሆነ ልጅ ይዘገያል። ለመስክ አንቲቦዲ አይመከርም። ውጤቱ ከወራት እስከ ዓመታት ይወስዳል፤ በሳምንቱ አትጠብቁ።

ልጁ በጣም ሲዳከም የሚሰጡት ኢሚውኖግሎቡሊንና የደም ፕላዝማ ማጣራት ናቸው። በቀናት ውስጥ ያነቃሉ፣ ውጤቱ ግን በሳምንታት ያልቃል። ኢሚውኖግሎቡሊን ብዙ ጊዜ በኪሎ 2 ግራም ይሰላል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 40 ግራም ነው፣ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ተከፋፍሎ። ውድ ነው። ስለዚህ መዋጮ የምትሰበስቡ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሙን ስንት ግራም እንደሚያስፈልግና ስንት ጊዜ እንደሚደገም ጠይቁ። ቤተ ዘመድ ያዋጣው ሁሉ በአንድ ዙር አልቆ ለክትትል የሚሆን ሲጠፋ አይቻለሁ።

የትኞቹን መድኃኒቶች እንራቅ?

እባካችሁ ይህን ክፍል ለሞግዚቷም፣ ለአያትም አንብቡላቸው። ለዚህ ልጅ ከአዲሱ መድኃኒት ይልቅ የቅርብ አደጋው ሰፈር ያለው ተራ መድኃኒት ነው።

ጄንታማይሲን መርፌ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሁላችንም ሲፕሮ የምንለው። አዚትሮማይሲን፣ ያ የሦስት ቀኑ። ክሎሮኪንና ኪኒን ለወባ። ማግኒዥየም በደም ሥር። ፕሮፕራኖሎል። ማደንዘዣ ላይ የሚጨመሩ ጡንቻ የሚያዝሉ መድኃኒቶች። እነዚህ የነርቩንና የጡንቻውን ግንኙነት የበለጠ ያደክማሉ። ልጁን ከመራመድ ወደ መተንፈሻ መሣሪያ ሊወስዱት ይችላሉ። ዓይኑ ስለወረደ «ተመርዞ ነው» ተብሎ የጄንታማይሲን ጠብታ የሚሰጠው ልጅም አለ። ጠብታም ቢሆን ጠይቁ።

አንዲት እናት ዝርዝሩን የልጇ ደብተር ሽፋን ውስጥ ለጥፋዋለች። በላስቲክ ሸፍናዋለች። ከላይ በቀይ «ማያስቴኒያ አለብኝ። መድኃኒት ከመስጠትዎ በፊት ይህን ያንብቡ» ይላል። ከሥሩ የእሷ ስልክ ቁጥር አለ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ወላጆችም እንዲያ አድርጉ እላለሁ።

ሕይወት የሚያድነው ያ መድኃኒት ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ተጠንቅቆ ሊሰጠው ይችላል። ውሳኔው የእሱ ነው። እናንተ ማሳወቅ ነው የሚጠበቅባችሁ። ወባ ወዳለበት አገር ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነም ሳትነሱ በፊት ስለ ወባ መድኃኒቱ አማክሩ።

ጠበል ብንወስደው፣ ቢጾምስ?

ጠበል መውሰድ ትችላላችሁ። ክኒኑ ግን አብሮ ይሂድ። ማያስቴኒያ እየመጣ እየሄደ የሚታይ በሽታ ስለሆነ ልጁ በጠበሉ ሰሞን ሊሻለው ይችላል፣ ያኔ መድኃኒቱ ይጣላል፣ ከዚያ ሌሊት ትንፋሽ ያጥረዋል። ረጅሙ ጉዞም ያደክመዋል፣ አስቡበት። ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኩን አነጋግሩ። የታመመ ልጅ መድኃኒቱን ይተው የሚል የሃይማኖት አባት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ክትባትስ?

አብዛኞቹ ይሰጣሉ፣ ያስፈልጋሉም። በሕይወት ያለ ተህዋስ ያለባቸው፣ ለምሳሌ የኩፍኝ፣ ልጁ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ላይ ከሆነ ሐኪሙ ካልፈቀደ አይሰጡም። የሰፈር ዘመቻ ሲመጣ ለጤና ባለሙያዋ ንገሯት።

ትምህርት ቤት ምን እንበል?

ክፍሉ ምድር ቤት ይሁንለት፤ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ልጅ ደርሶ ሲቀመጥ ጉልበቱ አልቋል። የእረፍት ሰዓት መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው አንድ ሰው ይመደብ። ስፖርት ሙሉ በሙሉ አይከልከል፣ ሲደክመው ግን ሳይለመን ይቀመጥ። ፀሐይ ላይ ረጅም ሰልፍ አይሁን፤ ሙቀት ያባብሳል። ፈተናም ቢቻል ጠዋት ይሁን። ለታናናሾቹ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ዓይኑ ለረጅም ጊዜ ተከድኖ የሚቆይ ሕፃን ያኛው ዓይኑ ማየት ሳይማር ሊቀር ስለሚችል የዓይን ሐኪም በየጊዜው ይየው።

ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያለብኝ መቼ ነው?

ትንፋሹ ሲያጥር፣ ውኃ ሲጠጣ በአፍንጫው ሲመለስ፣ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው፣ ሳሉ ጉልበት ሲያጣ፣ አንገቱን መያዝ ሲያቅተው። ትልቅ ልጅ ከሆነ በአንድ ትንፋሽ እንዲቆጥር አድርጉ። 20 ይደርስ የነበረው 10 ላይ ካቆመ አትጠብቁ። ጣቱ ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር ቢያሳይ አይሸንግላችሁ፤ ቁጥሩ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ታክሲ የሚቀርብ ከሆነ በታክሲ ሂዱ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ማያስቴኒያ አለበት» ይሁን።

ለቀጠሮ ምን ይዤ ልሂድ?

ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። ጠዋት ደግሞ ልጁ ደህና ይመስላል። ሐኪሙ የሚያየው ያረፈ ልጅ ነው። ስለዚህ ማታ ሲደክመው በስልካችሁ ቅረጹት፦ ወደ ላይ እያየ፣ እየተናገረ፣ እራት እየበላ፣ ክንዱን ዘርግቶ ይዞ። ቀኑንና ክኒን የወሰደበትን ሰዓት ጻፉ። የመድኃኒቶቹን ጠርሙሶች ራሳቸውን ያዙ፣ ባዶዎቹንም ጭምር። የአንቲቦዲውን ውጤት ወረቀት ኮፒ አድርጉና ዋናውን ቤት አስቀምጡ፤ ካርድ ክፍል ሲጠፋ እንደገና ማስመርመሩ ውድ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የልጄ አንቲቦዲ የትኛው ነው? እስካሁን የሞከርናቸው በቂ መጠንና በቂ ጊዜ አግኝተዋል? የሚቀጥለው ምን ነው፣ ከእሱ በፊትስ የትኛው ክትባትና ምርመራ ማለቅ አለበት?